ለ32 ዓመት የከፈልኩበት ጡረታ፣ ስድስት ወር ከተቀበልኩት በኋላ

ሰው ምጣድ ሲገዛ፣ ስልክ ሲቀይር፣ ሶፋ ሲያሠራ አስተያየቱን ይጽፋል። እኔም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የሰው አስተያየት አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ከኪሳራ አድኖኛል። በዕድሜዬ ረጅም ጊዜ የከፈልኩት ግን ለጡረታ ነው። ደመወዜ እጄ ሳይገባ በየወሩ ተቆርጧል፤ 32 ዓመት ሙሉ። መልሼ መቀበል ከጀመርኩ ደግሞ ስድስት ወር ሆነኝ። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ። በተለይ ገና ሥራ ላይ ያላችሁ አንብቡልኝ።

የተወለድኩት ሰኔ 1957 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 1985 አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ተቀጠርኩ። 20 ዓመት ጠመኔ፣ ደብተር፣ ኳስና የተሰበረ ወንበር ስመዘግብ ቆየሁ። በ2005 ወደ ግል ድርጅት ገባሁ። ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን የሚያመርት ፋብሪካ ነው። እዚያም ሥራዬ ግምጃ ቤት ነበር። ሰኔ 2017 60 ዓመት ሞላኝ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በአገራችን ብዙ ዕድሜ የለውም። የመንግሥት ሠራተኛው በ1955 ዓ.ም. የወጣ የጡረታ አዋጅ ነበረው። የግሉ ግን እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ያኔ አዋጅ ቁጥር 715 ወጣ። ፋብሪካውም፣ ሆቴሉም፣ ባንኩም ሠራተኛውን የማስመዝገብ ግዴታ ገባበት። በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። አሁን ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። የመጨረሻው ደመወዜ 13,000 ብር ነበር። ከእኔ 910 ብር፣ ከድርጅቱ 1,430 ብር፣ በድምሩ 2,340 ብር በየወሩ ለጡረታ ይገባ ነበር።

ከመንግሥት ወደ ግል ስትሄዱ የቀድሞው አገልግሎታችሁ አይቃጠልም። ይደመራል። ይህንን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አንዲት የድሮ ባልደረባዬ የተሻለ ደመወዝ መጥቶላት “የ15 ዓመት ጡረታዬ ይቀርብኛል” ብላ ሳትሄድ ቀርታለች። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

አባቴ ፖስታ ቤት ነበር የሠራው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ያስቀምጥ ነበር። የክፍያው ቀን ጺሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይሄዳል። ሲመለስ ለታናናሾቼ ብስኩት ይዞ ነው። አበሉ እንዴት እንደተሰላ ግን ጠይቆ አያውቅም። የሰጡትን ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ይመለሳል። እኔም እስከ 55 ዓመቴ እንደ እሱ ነበርኩ።

ዓይኔን የገለጠው ኮሮና ነው። በ2012 ፋብሪካው ሥራ ቀነሰ። ሰውም መቀነስ ፈለጉ። ጠሩኝና “27 ዓመት አገልግለሻል፤ 55 ዓመትም ሞልቶሻል፤ ከፈለግሽ ጡረታ መውጣት ትችያለሽ” አሉኝ። ሕጉ ይፈቅዳል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጦሪያ ዕድሜው 5 ዓመት ቀደም ብሎ በፈቃዱ መውጣት ይችላል። ደክሞኝ ነበር። ባለቤቴም “በቃ እረፊ” አለኝ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም።

ከመፈረሜ በፊት ግን ሒሳብ ክፍል ያለውን ልጅ “ስንት ነው የማገኘው?” ብዬ ጠየቅሁት። ካልኩሌተሩን አውጥቶ አሳየኝ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 ከመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። የሚባዛው ደግሞ በመጨረሻው ወር ደመወዝ አይደለም፤ ከመውጣታችሁ በፊት ባሉት 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ሰው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው ያለው።

የእኔ 27 ዓመት 51.25 ከመቶ መጣ። የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዜ ያኔ 7,200 ብር ነበር። 3,690 ብር በወር ማለት ነው። ማታ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። የቤት ወጪያችንን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ዘይቱን፣ መብራቱን፣ የልጄን ትራንስፖርት፣ የባለቤቴን የደም ግፊት መድኃኒት። አልገጠመም። በነጋታው “አልወጣም” አልኳቸው።

5 ዓመት ጨምሬ ሠራሁ። አገልግሎቴ 32 ዓመት ሆነ፤ 57.5 ከመቶ። የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዜ 12,400 ብር ደረሰ። አበሌ 7,130 ብር ሆነ። ከ3,690 ጋር አስተያዩት። እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። የአገልግሎት ዓመቱ የጨመረልኝ 6.25 ከመቶ ብቻ ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ደመወዙ ማደጉ ነው። ጤና ያለው፣ የሥራ ቦታው የማያስመርረው ሰው 55 ላይ ከመፈረሙ በፊት ይህን ሒሳብ ይሥራ። ቤት የሚጠብቀው ሕመምተኛ ያለበት ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ አልፈርድም።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ።

ሐምሌ 2014 ደመወዝ ተጨመረልን። ድርጅቱ ጭማሪውን ለሁለት ከፈለው። ጥቂቱን ደመወዛችን ላይ አደረገ። 4,000 ብሩን በትራንስፖርትና በቤት አበል ስም ለብቻ ሰጠን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ግምጃ ቤት ውስጥ ቡና አፍልተን አከበርነው። እኔም አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ፈረምኩ።

ጡረታ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው። አበል አይቆጠርም። ትርፍ ሰዓት አይቆጠርም። ጉርሻ አይቆጠርም። ያ 4,000 ብር ሙሉ በሙሉ ደመወዜ ላይ ቢገባ ኖሮ አማካይ ደመወዜ በ4,000 ብር ከፍ ይል ነበር። የዚያ 57.5 ከመቶ 2,300 ብር ነው። በየወሩ 2,300 ብር፣ እስከ ዕድሜ ልኬ። ያኔ ከእኔ የሚቆረጠው 280 ብር ይጨምር ነበር። ግብሩም ከፍ ይል ነበር። እጄ ላይ የሚደርሰው እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ቢሆንም ለ3 ዓመት ትንሽ ጠበብ ብሎኝ ብኖር እመርጥ ነበር። ድርጅቱ በበኩሉ ለእያንዳንዳችን በወር 440 ብር ተጨማሪ መክፈል ነበረበት። ያ ነገር ለምን እንደዚያ እንደተከፈለ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወጣት ሳላችሁ የትራንስፖርትና የቤት አበሉ ብዙም አይጎዳችሁ ይሆናል። ቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ ጥሬ ብር ያስፈልጋል። 55 ዓመት ካለፋችሁ ግን የቅጥር ውላችሁን አውጡና “መሠረታዊ ደመወዝ” የሚለውን መስመር እዩ። ተደራደሩ። ጡረታችሁ የሚወጣው ከዚያች መስመር ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይከብዳል።

ኅዳር 2016 ነው። ጡረታዬ ሊደርስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲቀረው መዝገቤን ልይ ብዬ ወደ ጡረታ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። አንዲት ጎረቤቴ “ሳትወጪ በፊት እዪው” ስላለችኝ ነው። መስኮት 4 የተቀመጠችው ልጅ የመለያ ቁጥሬን አስገባች። ኮምፒዩተሩን ትንሽ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እናቴ፣ ከነሐሴ 2012 እስከ ሚያዝያ 2013 ገቢ አይታይም” አለችኝ። 9 ወር።

ከእኔ ደመወዝ ግን ተቆርጧል! በደንብ አውቃለሁ። አንድም ወር ሳይቀር 7 ከመቶው እየተነሳ ነው ደመወዝ የተቀበልኩት። ልጅቷ “ማስረጃ አለዎት?” አለችኝ። አለኝ አልኳት። እንባዬ መጣ። አልጮህኩም። ልጅቷ ውኃ ሰጠችኝ፤ ወንበር አስመጣችልኝ። ከዚያ ማምጣት ያለብኝን ሁሉ በራሷ እጅ ጻፈችልኝ። ያቺ ወረቀት አሁንም ቤቴ አለች።

እኔ የግምጃ ቤት ሰው ነኝ። ወረቀት አልጥልም። ከ10 ዓመት በላይ ያጠራቀምኩት ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዓመት በዓመት በላስቲክ ታስሮ ነበር። የ9 ወሩን አወጣሁ። ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ። ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። አዲሱ ኃላፊ “ያኔ እኔ አልነበርኩም” አለ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ “ገበያ የለም ነበር፤ በኋላ እንከፍላለን ብለን ነው የቀረው” አለኝ። የሰው ብር ቆርጦ ይዞ “በኋላ” ማለት ምን ማለት ነው? ይህንኑ ጠየቅሁት። መልስ አልነበረውም።

ያን ጊዜ ለብቻዬ ብሄድ ኖሮ የምሰማው ተስፋ ብቻ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። አንዳንድ ወጣቶች “ለእኛ ጡረታ ሩቅ ነው” አሉ። “የተቆረጠው ግን የእናንተ ደመወዝ ነው” አልኳቸው። ሌሎችም ሄደው መዝገባቸውን ሲያዩ ያው 9 ወር ጎድሏል። 17 ሆነን አንድ ደብዳቤ ጻፍን፤ ሁላችንም ፈረምን። ግልባጩን ለጡረታ ቅርንጫፉ አስገባን፤ ገቢ ያደረግንበትን ማህተም አስመታን። 5 ወር ፈጀ። በመጨረሻ ድርጅቱ ከነቅጣቱ ከፈለ። መዝገቤን ድጋሚ ሳየው ሙሉ ነበር።

ልጄ “እናቴ፣ ለ9 ወር ብለሽ ይህን ሁሉ?” አለችኝ ያኔ። ነገሩ የ9 ወር ብቻ አይደለም። መዝገቡ ሳይስተካከል 60 ዓመቴ ቢሞላ ኖሮ ፋይሌ አይንቀሳቀስም ነበር። ደመወዝ ቆሞ፣ አበል ሳይጀመር፣ የማላውቀውን ወር እቀመጥ ነበር። ደግሞም ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲጠይቅና ከወጣ በኋላ በር የሚያንኳኳ ሰው ሲጠይቅ አንድ አይደለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ስም ነው። የአባቴ ስም ገብረሥላሴ ነው። የትምህርት ቤቱ የቅጥር ደብዳቤ ላይ “ገ/ሥላሴ” ይላል። ፋብሪካው “ገብረስላሴ” ብሎ መዝግቦኛል። መታወቂያዬ “ገብረ ሥላሴ” ይላል፤ ለሁለት ተከፍሎ። ለሰው ዓይን አንድ ነው። ለፋይል ግን ሦስት ሴቶች ነን። ይህንንም ቀድሜ ስላየሁት ከሁለቱም መሥሪያ ቤት “አንድ ሰው ናት” የሚል ደብዳቤ አስጻፍኩ።

ለዚያ ስል ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ። የግል ማኅደሬ ከቢሮ ጠፍቷል ተባልኩ። ፈልጉልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ጥበቃው ጋሼ ከዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ኋላ፣ ካርቶን ውስጥ አገኙት። እኔ ራሴ 20 ዓመት የጠበቅኩት ግምጃ ቤት ነው። ከውስጡ በ1985 የሞላሁት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ወጣ። የራሴ እጅ ጽሑፍ። የትውልድ ዘመን 1957። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባች። ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁት።

ያ ቅጽ ቀላል ወረቀት አይደለም። ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሥራ ስትጀምሩ ያስመዘገባችሁት ነው። በኋላ የሚወጣ የልደት ካርድ ያንን አይለውጠውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ምን እንደጻፋችሁ ካላስታወሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። ኮፒውንም ያዙ።

ቅርንጫፉ ላይ ስላገኘሁት አገልግሎት አመሰግናለሁ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ማመልከቻዬን አስገባሁ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የአገልግሎት ማስረጃ ከሁለቱም ቦታ፣ የ3 ዓመት የደመወዝ መግለጫ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ፎቶ። ሁሉም በአንድ ክላሰር፣ በተራ። የተቀበለኝ ልጅ ገልጦ ገልጦ “ማዘር፣ ሁሉም እንደዚህ ይዞ ቢመጣ!” አለኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ ወጥ እያማሰልኩ ስልኬ ጮኸ። የባንክ መልእክት ነው። የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ተደምሮ 21,390 ብር ገብቷል። በሳንቲም ሳይቀር እኔ ወረቀት ላይ ካሰላሁት ጋር አንድ ነው። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ወር አልዘገየብኝም።

ሰው “ጡረታ ምን ያደርጋል፤ ቤት ሠርቶ ማከራየት ነው እንጂ” ይላል። ግማሽ እውነት አለው። አንድ ጎረቤቴ የሚሠሩበት ድርጅት ከ2003 በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም የሠራተኛውና የአሠሪው መዋጮ የሚጠራቀምበት ቁጠባ፣ ነበረው። አዋጁ ሲወጣ በዚያው መቀጠል ይፈቀድ ስለነበር ሠራተኞቹ በዚያው ቀጠሉ። ሲወጡ ሙሉውን ብር በአንድ ጊዜ ተቀበሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠሩበት፤ ዛሬ በኪራዩ ይኖራሉ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይሻላሉ። እዚያው ድርጅት የነበሩ ጓደኛቸው ግን ያንኑ ያህል ብር ተቀብለው ለልጅ ሠርግ፣ ለዘመድ ብድር፣ ለአንድ ያልተሳካ ንግድ አወጡት። በሦስት ዓመት ውስጥ አለቀ። አሁን ልጆቻቸው ናቸው የሚጦሯቸው። እኔ ያ ሁሉ ብር ባንድ ቀን እጄ ቢገባ ለስንቱ ዘመድ “የለኝም” እል እንደነበር አላውቅም። በየወሩ የሚመጣ ብር ማንም አይበደረኝም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እቁብም እጥላለሁ። አሁንም፣ በሳምንት 500 ብር። ፍሪጄን የገዛሁት በእቁብ ነው፤ የልጄን የኮሌጅ ክፍያ የሸፈንኩትም በእቁብ ነው። ግን ለእርጅና እቁብ አይበቃም፤ ዙሩ ያልቃል።

ድክመቱ ዋጋ ንረት ላይ ነው። ይህንን ደብቄ ብመክራችሁ በደል ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት እየጨመረ ሄዷል። በጡረታ አበል ላይ ጭማሪ የሚደረገው መንግሥት ሲወስን ነው። በየዓመቱ ገበያውን ተከትሎ አይወጣም። እኔ 25 ኪሎ ጤፍ በ150 ብር ሒሳብ ስገዛ 3,750 ብር ይሄዳል። ከአበሌ ግማሽ በላይ በአንድ ጆንያ። በተረፈው መብራት፣ ውኃ፣ ዘይት፣ በርበሬ። ባለቤቴም የራሱ ጡረታ ባይኖረው አንዘልቀውም ነበር። 32 ዓመት የሠራ ሰው በወሩ አጋማሽ ላይ ኪሱን መቁጠር የለበትም። አበሉ በየዓመቱ ቢታይ፣ ቢያንስ እህሉን ቢከተል፣ ምኞቴ ነው። ሕጉን የምታወጡ ሰዎች ይህንን ካነበባችሁ ከልቤ የምለምናችሁ ይህንን ነው።

ሕክምናም አይጨምርም። እኛ በወረዳችን በኩል የማኅበረሰብ ጤና መድን ውስጥ ገብተናል። ጡረታ ስትወጡ ሳታዘገዩ ጠይቁ።

ሰው የማይወደው ሌላ ወሬ አለ፤ ሞት። ሞት ቢቀድመኝ ባለቤቴ የአበሌን 50 ከመቶ ያገኛል፤ 3,565 ብር። ልጅ 18 ዓመት ያልሞላው ቢኖረኝ ለእያንዳንዱ 20 ከመቶ ነበረው። የእኔ ልጆች አድገዋል፤ ለእነሱ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ “የከፈልኩት ለልጄ ይደርሳል” ብላችሁ አታስቡ። የጋብቻ ማስረጃችሁን ግን አስተካክሉ። እኛ የተጋባነው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ በክፍለ ከተማ ያስመዘገብነው በ2016 ነው። የሄድነው ሁለት ምስክር ይዘን ነው፤ ተመልሰን ሳቅን። ግን ያቺ ወረቀት ባትኖር የእሱ 50 ከመቶ ብዙ ውጣ ውረድ ይጠብቀው ነበር።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ፦ ለመተማመኛነቱ 5 ከ5። ለስሌቱ ግልጽነት 4፤ ቀመሩ ቀላል ነው፣ ሠራተኛው ጋ የሚያደርሰው ሰው ነው የሌለው። ለመጠኑ 2። በዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ መስጠት አልችልም።

ትልቋ ልጄ 26 ዓመቷ ነው። ሆቴል ነው የምትሠራው፣ እንግዳ መቀበያ ላይ። ገና ብዙ ዓመት አላት። ባለፈው የጥምቀት ዕለት ከታቦት ስንመለስ “መዝገብሽን አይተሽ ታውቂያለሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። አታውቅም። “እሺ እናቴ፣ አየዋለሁ” አለችኝ፤ ልጅ እናቷን ዝም ለማሰኘት እንደምትለው። እኔም ደግሜ አላነሳሁባትም።

ትናንት ማታ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። በምሳ ሰዓቷ ወጥታ ሄዳ ነበር።

“እማዬ፣ ሁለት ወር የለም” አለችኝ።

ፔይስሊፖቿን በፌስታል አድርጋ ይዛቸዋለች። ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። የብስኩት ቆርቆሮዬን ባዶ አድርጌ ሰጥቻታለሁ።